«እሱ» ማለት መምህርት ዘይነብ

ስልኬ ሲጮህ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ነበር። የደወለችው ሱአድ ናት፣ የመምህርት ዘይነብ ወንድም ሚስት። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«እሱ አረፈ» አለችኝ።

«ማን?» አልኳት።

 ከጀርባዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። እኔ በዚያች ቅጽበት የማውቃቸውን ወንዶቻቸውን በሐሳቤ እቆጥር ነበር። ባሏ ይሆን? አጎቷ ይሆን? ቤተሰቡ ውስጥ ሲያመው የከረመ ወንድ ማን ነበር?

«እሱ» አለች ሱአድ፣ ለማይሰማ ሰው እንደሚናገር ቀስ ብላ። «የኛ እሱ። ዘይነብ።»

በዚህች ሁለት ፊደል ቃል ምክንያት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቀድጄ ጥያለሁ። በፈታኞች ፊት ቆሜ ተከራክሬባታለሁ። ዶክተር ከተባልኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። እና «ማን?» ብዬ ጠየቅኩ። መምህርት ዘይነብ ሰምተው ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ሲስቁ ድምፅ አልነበራቸውም፤ አገጫቸውን ቀና ያደርጉና ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። የማተሚያ ቤቱን በር ይዤ እንደቆምኩ መጀመሪያ የታየኝ ያ ትከሻ ነው። ከዚያ አለቀስኩ።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ሰፈሩ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ከአካባቢው የበርታ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተምሬ፣ ማንጎ አብሬ ሰርቄ ባድግም፣ ቋንቋቸውን ከሰላምታና ከስድብ በቀር አልችልም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ማፈርም አለብኝ። ከተማው ውስጥ ኮሌጅ አማርኛ እያስተማርኩ ለሦስተኛ ዲግሪ ስመዘገብ፣ ወርቅ የሚያጥቡ የበርታ ሴቶችን ቃላዊ እውቀት ላጠና ወሰንኩ። የት እንደሚቆፈር በምን ያውቃሉ? አፈሩን እንዴት ይለዩታል? ለልጆቻቸውስ እንዴት ያወርሱታል? በአማርኛ ልጽፈው፣ በበርታኛ ልሰማው። አስተርጓሚ ያስፈልገኝ ነበር፤ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ ስም ሰጠኝ።

ቤታቸው ስሄድ ማንጎ ዛፍ ስር ተቀምጠው ባሚያ ሲከትፉ አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፤ የመነጽራቸው አንድ ጆሮ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ጉዳዬን ሳስረዳ ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝና፣

«አንተ ትዳር አለህ?» አሉኝ።

ከኋላዬ ወንድ ቆሞ እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ለመምህርት ዘይነብ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው፤ በሌለበት ሲነሳ ደግሞ «እሱ» ነው። እናታቸው እሱ፣ እህታቸው እሱ፣ የምትታለበዋ ፍየላቸው እሱ። በቋንቋቸው ለወንድና ለሴት የተለያየ ቃል የለም። በአማርኛም የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ትንሽ ስንላመድ፣ «መምህርት፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ፤ አንቺ ነው የምባለው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አንተ ሴት ነህ። ጎበዝ ሴት ነህ።»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ስለ እሳቸው በከተማው የሚወራ አንድ ታሪክ አለ፤ ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው ያስተማሯቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ከበላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ክፍላቸው ገብቶ ኋላ ተቀመጠ። ሲያዳምጥ ቆይቶ በልጆቹ ፊት ተነሳና፣ ላም ወተት «ሰጠ» አይባልም፣ «ሰጠች» ነው፤ ቋንቋውን ሳይችሉት እንዴት ያስተምራሉ አላቸው። መምህርት ዘይነብ ጠመኔውን አስቀመጡ። ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ አስነስተው ሰሌዳው ላይ ያለውን አስነበቧት። አነበበች። ከጎኗ ያለውን አስነበቡት፣ አነበበ። ወንበር በወንበር ሄደው ስድስት ሰባት ልጅ ካስነበቡ በኋላ ወደ ሰውየው ዞሩ። «አንተ ለእኔ “ያስተምራሉ” አልክ። ስለ ዳይሬክተሩም “ያስተምራሉ” ትላለህ። እሱ ወንድ ነው፣ እኔ ሴት ነኝ። ለምን አንድ ሆነ?» አሉት። ሰውየው ያ የአክብሮት አነጋገር ነው ብሎ መለሰ። እሳቸውም፣ «እኛ ላሙንም እናከብራለን» አሉት ይባላል። የላሙ ነገር ኋላ የተጨመረ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እሳቸውን ስለማውቅ አምናለሁ።

አብረን ሁለት ዓመት ዞርን። መንገድ ሲዘጋ እንቀመጣለን፣ ሲከፈት እንነሳለን። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወርቅ አጥበዋልና፣ ሴቶቹ የሚነግሩኝን ብቻ ሳይሆን የሚደብቁኝንም ያውቁ ነበር። ወንዝ ዳር ስንደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ለእኔ ይሰጡና ከአንዷ ሴት እጅ የእንጨት ገበቴዋን ይቀበላሉ። ጎንበስ ብለው አፈሩን በውሃ ያዞሩታል። መጀመሪያ በኃይል ነው፤ ጭቃውና ጠጠሩ እየተጠረገ ይሄዳል። አፈሩ እየሳሳ ሲመጣ እጃቸው ይዘገያል። ጥቁሩ አሸዋ ብቻ ሲቀር እጃቸው የሚንቀሳቀስ አይመስልም።

«መጨረሻ ላይ ቀስ» ይሉኝ ነበር። «ሰነፍ ሰው መጀመሪያ ወርቅ አይጥልም። መጨረሻ ላይ ይጥላል፣ ጨረስኩ ሲል።»

እኔም ጎበዝ ተማሪ ነኝና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። መጻፍና መስማት አንድ አይደሉም።

በሁለት ዓመት ውስጥ የተለያየነው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ወርቅ ወደሚታጠብበት መንጌ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘን ሳለ ወባ ጣላቸው። ጠብቀኝ አሉኝ። እኔ ቸኮልኩ፤ የዚያ ሰፈር ሴቶች ገበያ ስለሚውሉ አማርኛ ይችላሉ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የኛ ሰው። አሻ ከምትባል ሴት ጋር ስለ ባሏ ስንጫወት ቆየንና፣ ወርቅ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ቦታ የሚያውቅ እሱ ነው» አለችኝ። «አፈር ያያል። እሱ ካልፈቀደ ማንም አይቆፍርም።» ሌሎቹን ሦስት ሴቶች ሳነጋግር መልሱን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው አይደል አልኳቸው። «አዎ፣ እሱ ነው» አሉኝ። መምህርት ዘይነብ ድነው ሲነሱ ቅጂውን ላዳምጥ ብለው ነበር። አማርኛ ስለሆነ ትርጉም አይፈልግም አልኳቸው።

ምዕራፍ አራት የቆመው በእነዚያ አራት ቃለ መጠይቆች ላይ ነው። ሴቶቹ ያጥባሉ፣ እውቀቱ ግን የወንዶቹ ነው ይላል። አማካሪዬ ከሥራዬ ሁሉ አስበልጦ ወደደው። ከአሁን ቀደም ማንም ያላየው ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አላየውም፣ የለምና።

የዶክትሬት ጽሑፍ ማለቂያው ላይ ሲደርስ ደስ የሚል የሚመስለው ሰው ይኖራል። ጨረስሽ ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች እንደዚያ ሳይመስላቸው አልቀረም። ማውጫው የሚለው ገጽና ምዕራፉ ያለበት ገጽ እንደ ተጣላ ባልና ሚስት አልገናኝ ይሉኛል። አንድ ሠንጠረዥ ሳቃና ሌላው ይዘማል። ያነበብኩትን መጽሐፍ ደራሲ ስም ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ጽፌው አገኛለሁ። ግድቡ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ሆኖ መብራት ይጠፋል፤ የኮምፒውተሬ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና አብሮ ድርግም ይላል። ፀጉሬ ይረግፍ ጀመር። እናቴ በበኩሏ፣ አባትሽ ጫካ መንጥሮ ቤት ሲሠራ እንኳ ይህን ያህል አልፈጀበትም አለችኝ። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ጊዜ አራዝሞልኝ ነበር። ሦስተኛ እንደማይኖርና በቀኑ ካላስገባሁ እንደምሰረዝ በደብዳቤ ነግሮኛል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። የስድስት ዓመት ልፋቴ በእነዚያ ቀናት ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህን ጊዜ ነው መምህርት ዘይነብ፣ «ስሜ አለበት?» ብለው የጠየቁኝ።

ምስጋናው ላይ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ስሜ ካለ ላንብበው።»

ገለጥ ገለጥ አድርገው የሚመልሱልኝ መስሎኝ አትሜ ሰጠኋቸው። እሳቸው የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው፤ ማንበብ ማለት ከሽፋኑ ጀምሮ፣ ጣትን ከመስመሩ ስር እያስኬዱ፣ ከንፈርን እያንቀሳቀሱ ነው። ማንጎው ስር ተቀምጠው ጠዋትም ከሰዓትም አነበቡ። በአምስተኛው ቀን አንዲት ባጃጅ ቢሮዬ ፊት ቆመች።

ሰላም አላሉኝም። ወረቀቱን ከፌስታል አወጡና ገጹን ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይሄ እሱ ማነው?»

«የአሻ ባል ነዋ።»

«ባል?» መነጽራቸውን አወለቁ። «የአሻ ባል ሹፌር ነው። ገበቴ በየት እንደሚያዝ አያውቅም። እሱ የአሻ እናት ነው።»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሁለት ዓመት «አንተ» ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ከማንም በፊት መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ማፈር ሲገባኝ ግን ተናደድኩ። ንዴት ከእፍረት ይቀላል። አሥራ አራት ቀን ነው የቀረኝ፤ እኚህ ሴትዮ ደግሞ ቤቴን ከመሠረቱ እየነቀሉት ነው። «ሰዎቻችሁ አማርኛውን አስተካክለው ቢናገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አልኳቸው። አሁንም ድረስ ይህን በማለቴ ይቆጨኛል።

 ሲናገሩ ድምፃቸውን አላነሱም።

«አሻ መናገር ተሳሳተ። አንተ መስማት ተሳሳትክ። ዶክተር የሚሆነው ማነው?»

 

ጥቂት ቆይቼ መደራደር ጀመርኩ። ምዕራፉን ሳልነካ የግርጌ ማስታወሻ እጨምራለሁ፤ ከገጹ ታች በትንንሽ ፊደል፣ በአንዳንድ ቤተሰብ እናትም ቦታውን ታውቃለች ብዬ እጽፋለሁ አልኳቸው።

«ታች?» አሉ።

«አዎ፣ ታች።»

«ወንዱ ላይ፣ እናት ታች? በትንሽ ፊደል?» ወረቀቱን ወደ ፌስታሉ መለሱት። «ቃል አማና ነው፣ አደራ። አሻ አማና ሰጠህ። ወይ በትልቁ ፊደል መልስ፣ ወይ የእኔን ስም አውጣ።»

እዚያው እያሉ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ክፉ ሰው አይደለም። ደክሞታል፤ ብዙ ተማሪ አለው። ፈታኞቹ ይህን ሊያውቁ አይችሉም፣ አስገቢውና ተመረቂ፣ ከዚያ በኋላ ለብቻው ጽፈሽ ታርሚዋለሽ አለኝ። ምዕራፉን አሁን ካፈረስሽ ግን አትደርሺም፣ እኔም ልረዳሽ አልችልም አለ። እኔም ብሆን ለተማሪዬ የምሰጠው ምክር ነው። ስልኩን ስዘጋ መምህርት ዘይነብ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ምን አለ?»

«ተይው አለኝ።»

«አንተስ?»

 መልሴን ሳይጠብቁ፣ ነገ ጠዋት መንጌ እንሄዳለን፣ እኔ ፊት አሻን “ባል ነው” በለው አሉኝ። እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አንድ ቀን ማባከን ማለት ነው። ጠዋት ግን መናኸሪያ ተገኘሁ።

አሻ የሆነውን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ባሏን ጠርታ ወርቅ የት አለ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ገበያ አለ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወደ ጎጆው ጥግ በእጇ አሳየችኝና «እሱ» አለች። እናቷ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ጥርስ የሌላቸው ትንሽ አሮጊት። መምህርት ዘይነብ በበርታኛ ሲያስረዷቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ አንድ ነገር አሉ። መምህርት ዘይነብ ትከሻቸው እየተነቃነቀ ተረጎሙልኝ። «ስድስት ልጅ ወልጄ ወንድ ሆንኩ ወይ? ይላል።»

ሳቁ ሲበርድ አሮጊቷ ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ይኼኛው አያስቅም። ቦታ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠራው ወንዶቹን ነው፤ ወንዶቹም ሳያውቁ ይጠቁማሉ። «እናቴ ለእኔ አሳየ። እኔ ለአሻ አሳየሁ። አንተ ደግሞ ለወንድ ሰጠህ። ነገ የመቆፈሪያ ቦታ ሲሰጥ ወረቀትህን አይተው አሻን ማን ይጠራል?» መምህርት ዘይነብ ይህን ሲተረጉሙ ፊቴን አላዩኝም። አሮጊቷ ከደጁ አፈር አዘገኑኝና ጣቴን ይዘው አሻሹት፤ ምን ተሰማህ አሉኝ። ምንም አልተሰማኝም። ለእሳቸው ግን ይሰማቸዋል።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ምዕራፉን አፈርሰዋለሁ አልኳቸው። ጀግንነት አልነበረም፤ እልህ ነው የያዘኝ። ማን ላይ እንደሆነ እንጃ። ምናልባት እኔው በተሳሳትኩበት በዚያ ምዕራፍ ላይ፣ ምናልባት «ፈታኞቹ አያውቁም» የምትለዋ ቃል ላይ። ከሰረዙኝም እውነቱን ጽፌ ይሰርዙኝ።

አሥራ ሦስት ቀን። መምህርት ዘይነብ በየጠዋቱ በባጃጅ ይመጣሉ፤ በፔርሙስ ከርከዴ ሻይ ይዘው ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። አራቱንም ቅጂዎች ከመጀመሪያው አዳመጥናቸው። እየሰማሁ እጽፋለሁ፤ እሳቸው እየሰሙ ያርሙኛል። አንድ ቀን ስጽፍ ከጀርባዬ መጥተው ኮምፒውተሩን አዩና፣ አሻ «ያያል» አለ፣ አንተ ለምን «ታያለች» ጻፍክ አሉኝ። አስተካክዬው ነው አልኳቸው። «መጀመሪያም አስተካክለህ ነው ወንድ ያደረግከው» አሉኝ። ያረምኩትን ጥቅስ ሁሉ ከጽሑፉ ዳር እስከ ዳር ሴቶቹ እንደተናገሩት መለስኩት፤ ከእያንዳንዱ ስር ማን ስለ ማን እንደተናገረች በትልቁ ፊደል ጻፍኩ።

በአሥረኛው ቀን በቃኝ። ምዕራፍ አራት ተገልብጦ ስለተጻፈ አምስትም፣ ማጠቃለያውም ተናግቷል። ማውጫው እንደገና ተዘበራረቀ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁና፣ ይሰርዙኝ፣ አባቴ ገበሬ ሆኖ ነው የሞተው፣ ምን ጎደለበት ብዬ አለቀስኩ። ተነስተው ያቅፉኛል ብዬ ነበር። ከርከዴ ቀዱልኝ።

«አልቅስ» አሉኝ። «ውሃ ጥሩ ነው፣ አፈር ያጥባል። ከዚያ ገበቴውን ያዝ።»

ሳቄ መጣ። ያዝኩ። መጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ስደርስ ደግሞ እጄ መሮጥ ሲጀምር ጠረጴዛውን በጣታቸው አንድ ጊዜ ይመቱታል፤ «ቀስ» ማለታቸው ነው። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጽሑፉን ከስልኬ ላኩት። መድረሱን የሚገልጸው መልእክት እስኪመጣ ሁለታችንም ስልኩን ከበን ቁጭ አልን። ሲመጣ መምህርት ዘይነብ ፔርሙሳቸውን አንስተው «ኸላስ፣ አለቀ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ስከላከል አዲስ አበባ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ልባቸው ያኔ መድከም ጀምሮ ነበር፤ ለእኔ ግን አልነገሩኝም፣ መኪናው ወገቤን ያመኛል ብቻ አሉ። ብቻዬን ቆምኩ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ስመ ጥር ሽማግሌ፣ አንዱን ጥቅስ ጮክ ብለው አነበቡና፣ እነዚህ ጥቅሶች በሰዋስው ስህተት የተሞሉ ናቸው፣ አንቺ የአማርኛ መምህርት ሆነሽ እንዴት ሳታርሚ ታቀርቢያለሽ አሉኝ። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አማካሪዬ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ።

«አንድ ጊዜ አርሜው ነበር» አልኩ። «ሳርመው እናትየዋን ወንድ አደረግኳት።» ከዚያ ነገሩን ሁሉ ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ መቸኮሌን፣ መስማት አለመቻሌን፣ የፈረሰውን ምዕራፍ።  «ፕሮፌሰር፣ ስለ እርስዎ ስናገር “እሳቸው” እላለሁ። ያ ቃል ወንድ ይሁኑ ሴት አይለይም። ማንም ስህተት ነው አይለኝም፤ ክብር ነው ይለኛል። እነዚህ ሴቶች ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚናገሩት። ይህን ካረምኩ የማርመው አማርኛቸውን አይደለም፤ እነሱን ነው።»

ሽማግሌው አንድ ነገር ጻፉና «ቀጥዪ» አሉኝ። አለፍኩ። ጥቅሶቹ ለንባብ እንዲመቹ ቢታረሙ የሚል አስተያየት ግን በወረቀት ደረሰኝ። በአንድ ገጽ ደብዳቤ እንደማላርም ምክንያቴን ጽፌ መለስኩ፤ ተቀበሉት።

ከአዳራሹ እንደወጣሁ ደወልኩላቸው።

«ዶክተር ሆንኩ» አልኳቸው።

«ማን?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ!»

«አንተ?» ድምፅ የሌለው ሳቃቸው በስልክ አይሰማም፤ ግን ዝምታው ረዘመ። «አልሐምዱሊላህ። ደግ ሴት ነህ።»

ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው። መጽሐፉ ተጠርዞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእሳቸው ልሰጥ ነበር፤ ማንጎው ስር አስቀምጠው ከሽፋኑ ጀምሮ እንደገና እንደሚያነቡት እርግጠኛ ነበርኩ። ሱአድ የደወለችው ያን ቅጂ ላመጣ ስሄድ ነው።

ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አላወቅኩም። የማተሚያ ቤቱ ልጅ እግር ሠራተኛ ቅጂውን በፈገግታ አቀበለኝና፣ ዶክተር፣ መታሰቢያው ላይ አንዲት ስህተት አግኝቼ አስተካክዬልሻለሁ አለኝ። ገለጥኩት። እኔ የጻፍኩት «ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላነበበው፣ ለመምህርት ዘይነብ» የሚል ነበር። አሁን «ላነበበችው» ይላል። አንዲት «ች» ገብታለች።

«አውጣልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ችን።»

ግራ ገባው። ሴት ናቸው አይደል አለኝ። ትልቅ ሰው ከሆኑም «ላነበቡት» ብንል ያምራል፤ እንዲህ ከሆነ ግን የአማርኛ ዶክተር ጻፈችው ተብሎ ሰው ይስቅብሻል አለኝ። ቅን ልጅ ነው።

«ይሳቅ» አልኩት። ገጹን አውጥቶ በሌላ እስኪተካው ቆሜ ጠበቅኩ።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን በፌስታል ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ማንጎው ስር ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ መንገዱ ሩቅ ሆኖ ሳለ አሻም መጥታለች። ከሱአድ ጎን ተቀመጥኩና መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖርኩት። ሽፋኑን ዳበሰችው። ገለጠችውና ጣቷን ከመስመሩ ስር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። እሷም የእሳቸው ተማሪ ነበረች ለካ።

«ይህን ጽሑፍ… ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ… ላነበበው… ለመምህርት ዘይነብ።»

አሻ ቀና አለች። ሱአድ ጣቷን ከቃሉ ላይ አላነሳችም። ደግማ አየችው፤ ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ ነው» አለችኝ።